«ተቀብለንሃል» ከተባለ በኋላ ስለሚጻፈው ደብዳቤ

በትምህርት ቤታችን 60ኛ ዓመት በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



የተሰጠኝ ርእስ «ከፍተኛ ትምህርትና የነገው ተስፋችን» የሚል ነበር። ርእሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ነገው ተስፋ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ ብዙ ሰዎች እዚህ ተቀምጠዋል። ስለዚህ መምህሬን አስፈቅጄ ርእሱን አጠበብሁትና ስለ አንድ ደብዳቤ ብቻ ለመናገር ቈረጥሁ። ይኸውም በአሜሪካ አገር ሕክምና ለመማር ያመለከተ ሰው «ተቀብለንሃል» የሚለው የምሥራች ከደረሰው በኋላ፥ የተመደበለት የገንዘብ ርዳታ እንደማይበቃው ባየ ጊዜ፥ ነገሩ እንደ ገና ይታይልኝ ብሎ ለትምህርት ቤቱ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው።

«ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። በክፍላችን ሐኪም እሆናለሁ የማይል ተማሪ ማግኘት ሐኪም ከመሆን ይልቅ ይከብዳል፤ ይህ አንዱ ምክንያቴ ነው። ሌላው ደግሞ፥ ወደዚያ አገር የሄዱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከሚሞሉት ቅጽ እኩሌታው የሚሞላው እዚህ ነው። የአባታቸው ደመወዝ፥ የእናታቸው ንግድ፥ የቤታቸው ዋጋ የሚጠየቀው እዚህ አዲስ አበባ ነው፤ እንግሊዝኛውን አንብቦ የሚያስረዳው የቤቱ ልጅ ደግሞ እኛው ነን። እኔም ሞልቻለሁ፤ ተሳስቼም ሞልቻለሁ። የምናገረውም ከዚያ ስሕተት የተነሣ ነው። የቤታችንን ገበና ስለምገልጥ አባቴን አስፈቅጃለሁ፤ እርሳቸውም እዚህ ተቀምጠው ይሰሙኛል።

አስቀድሜ የዚያን አገር ሥርዐት በአጭሩ ላስረዳ። በእኛ አገር ሐኪም የሚሆን ተማሪ በፈተናው ውጤት ይመደባል፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ከሆነም የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ድርሻውን ከምረቃ በኋላ ይከፍላል። ስለ ዋጋው ከማንም ጋር አይነጋገርም። በአሜሪካ ግን ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ኮሌጅ ተምሮ ዲግሪ ከያዘ በኋላ ነው ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚያመለክተው፤ ሕክምናውም ሌላ አራት ዓመት ነው። በብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች የትምህርቱ ክፍያ ብቻ በዓመት ከ60,000 ዶላር ይበልጣል፤ የቤት ኪራይ፥ ምግብ፥ መጽሐፍና የጤና ዋስትና ሲጨመርበት 90,000 የሚያልፍበት ስፍራ ጥቂት አይደለም። ተበድረው የተማሩት ሐኪሞች በሚመረቁበት ቀን ያለባቸው ዕዳ በመካከለኛ ግምት ወደ 200,000 ዶላር ይደርሳል።

እርግጥ ነው፥ ይህን ሸክም ከተማሪዎቻቸው ላይ ያነሡ ትምህርት ቤቶች አሉ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎቹ ሁሉ የትምህርት ክፍያ አስቀርቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. ሩት ጎተስማን የሚባሉ እዚያው ያስተምሩ የነበሩ ፕሮፌሰር በብሮንክስ ለሚገኘው ለአልበርት አይንስታይን የሕክምና ኮሌጅ 1 ቢሊዮን ዶላር ስለ ሰጡ እዚያም ክፍያው ቀርቷል። በዚያው ዓመት ማይክል ብሉምበርግ ለጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ 1 ቢሊዮን ዶላር ሰጥተው፥ የቤተ ሰባቸው ገቢ በዓመት ከ300,000 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ እንዳይከፍሉ ሆኗል። ወሬው ያስደስታል፤ ጋዜጦችም ይወዱታል። ይሁን እንጂ በአገሩ ከ150 የሚበልጡ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ስላሉ፥ አብዛኛው ተማሪ የሚገባው ክፍያ ወዳለበት ነው። እኅቴም ከእነዚህ ወገን ናት።

እኅቴ በ2011 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷት ወደ ሜሪላንድ፥ የአባቴ ታላቅ እኅት ወደሆኑት ወደ አክስቴ ዘንድ ሄደች። ቀን እየተማረች፥ ሌሊት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እየሠራች ኮሌጅዋን ፈጸመች። በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ሁለት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተቀበሏት። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ አንዱ በትልቅ ከተማ፥ ሁለተኛው በትንሽ ከተማ ስለሆነ በዚሁ እለያቸዋለሁ። ልቧ የነበረው ከትልቁ ከተማ ጋር ነው። እናቴ በዚያ ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠሩ፤ «ዶክተሯ» የሚለው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰፈራችን አልጠፋም።

ከዚህ በኋላ ቅጹ መጣ። የዚያ አገር መንግሥት ብድር በሚሰጥበት ጊዜ የሕክምናን ተማሪ ራሱን እንደ ቻለ ሰው ይቈጥረዋል፤ የወላጆቹን ሀብት አይመለከትም። ትምህርት ቤቶቹ ግን ከራሳቸው ገንዘብ የማይመለስ ስጦታ በሚሰጡበት ጊዜ፥ ብዙዎቹ ተማሪው ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነውም እንኳ የአባትና የእናቱን ገቢና ንብረት ይጠይቃሉ። ከዚያ ላይ ተነሥተው «ወላጆችሽ በዓመት ይህን ያህል ሊረዱሽ ይችላሉ» ብለው ያሰላሉ፤ ያንንም ከስጦታው ላይ ያጐድላሉ።

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ደመወዛቸው በዚያን ጊዜ በወር 11,000 ብር ነበር። ደመወዙን መጻፍ አላስቸገረንም። ቅጹ የጠየቀው የ2023 እ.ኤ.አ. ገቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በ2024 እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኖ ነበር። እኔም ይህን ትልቅ ምስጢር ያገኘሁ መስሎኝ ለእኅቴ ጻፍሁላት። ደመወዙ ግን በአንዱም ምንዛሪ በሌላውም ምንዛሪ በዶላር እጅግ ትንሽ ስለ ነበረ ምንም አልለወጠም። ያስቸገረው ቤቱ ነው።

የምንኖርበት ቤት የሴት አያቴ ነበር። ቅጹ የቤቱን ዋጋ ጠየቀ፤ አባቴ ለመሸጥ አስበው ስለማያውቁ ዋጋውን አያውቁም። እኔ ግን ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ ወደ ሰፈራችን ደላላ ሄጄ ጠየቅሁ። ደላላ ሻጭ የመጣለት ሲመስለው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ዐይኑን ሳያሽ «14 ሚሊዮን!» አለኝ፤ እኔም ጻፍሁት። የቤቱ ባለቤት ማን ነው ለሚለው ጥያቄ አባቴን ብጠይቃቸው «የእኔ ነው» አሉኝ፤ እሱንም ጻፍሁት። 14 ሚሊዮን ብር በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከ100,000 ዶላር በላይ ነበር። አንድ ቁልፍ ተጭኜ ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች ላክሁና ተኛሁ።

በመጋቢት ወር መልሱ መጣ። የትልቁ ከተማ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ከላይ የገንዘብ ርዳታ ብሎ ታላቅ ድምር ጽፎ ነበርና እናቴ ድምሩን ሰምተው እልል አሉ። እኅቴ በስልክ ዝም ብላ እልልታው እስኪያበቃ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ መስመር በመስመር አነበበችልን። የዓመቱ ወጪ በጠቅላላው 92,000 ዶላር፤ ከዚህ ውስጥ የማይመለስ ስጦታ 30,000፤ የወላጆች ድርሻ 5,400፤ የቀረው 56,600 ብድር። ብድሩም «ርዳታ» በሚለው ድምር ውስጥ ገብቶ ኖሯል። የትንሹ ከተማ ደግሞ ጠቅላላ ወጪው 84,000፤ ስጦታው 42,000፤ የወላጆች ድርሻ 3,800፤ ብድሩ 38,200 ነበር።

5,400 ዶላር በዚያን ጊዜ ከ700,000 ብር በላይ ነው። አባቴ እርሳስ አንሥተው አሰሉት። አንድም ቀን ሳንበላ ብንውል የአምስት ዓመት ደመወዛቸው ተጠራቅሞ አይሞላውም፤ ይህም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጊዜውም አጭር ነበር። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ባወጣው ሥርዐት መሠረት ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት የተቀበለው ተማሪ እስከ አፕሪል 30፥ ማለት እስከ ሚያዝያ 22 ቀን ድረስ አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲለቅ ይጠበቅበታል፤ የተለቀቀውም ቦታ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ከዚያ ቀን በፊት የሚጽፍ ሰው ሁለት በር ተከፍቶለት ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የሚጽፍ ግን አንዱን በር በገዛ እጁ ዘግቶ ነው።

አባቴ ደብዳቤ መጻፉን አልወደዱም። «ሰው ተቀብሎሽ፥ 30,000 ዶላር በነጻ ሰጥቶሽ፥ ጨምሩልኝ ትያለሽ? ዝም አይነቅዝም፥ ልጄ» አሏት። እኅቴም ይሉኝታ ይዟት ነበር፤ ፍርሃትም ነበረባት፤ አስቀይሜአቸው ቦታዬን ይነሡኝ ይሆን ብላ። ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው የሚይዘው ነው፤ ነገር ግን መሠረት የለውም። ተማሪውን የሚቀበለው ክፍልና ገንዘቡን የሚመድበው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ በትሕትና የተጻፈ ጥያቄ ቢበዛ «አይሆንም» የሚል መልስ ያመጣል እንጂ ቦታ አያስወስድም። አክስቴ ስልኩን ከእኅቴ ተቀብለው፥ «አንተ ዝም አይነቅዝም ትላለህ፤ እናታችን ደግሞ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ትል ነበር» አሏቸው። አባቴ አልመለሱላቸውም።

እኔ በበኩሌ ነገሩ የመርካቶ ክርክር መስሎኝ ነበር። «ብዙ ጥሪባቸው፥ መካከል ላይ ትገናኛላችሁ» ብዬ መከርኋት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ አልሰማችኝም። ይልቁንም ወደ ትምህርት ቤቱ የርዳታ ክፍል ደውላ እንዴት እንደሚመለከት ጠየቀች። የነገሯት ይህን ነው፦ በቅጹ ላይ ያልታየ ወይም የተለወጠ ነገር ካለ ከነማስረጃው አቅርቢ፤ ከሌላ ትምህርት ቤት የተሰጠሽ የርዳታ ደብዳቤ ካለ ቅጂውን አያይዢ፤ እናየዋለን፥ ነገር ግን ቃል አንገባም። መርካቶ ላይ ነጋዴው የሚቀንሰው ሰውዬው ጥሎት እንዳይሄድ ነው። እዚህ ግን ስጦታው ለችግር የሚሰጥ ከሆነ ቁጥሩ የሚወጣው ከስሌት ነው፤ ስሌቱን የሚሠራው ሰው ልቡ ቢራራ እንኳ በፊቱ የተቀመጠው ወረቀት ካልተለወጠ ቁጥሩ አይለወጥም። በትምህርት ብልጫ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ሲሆን ነገሩ ትንሽ ወደ መርካቶው ይቀርባል፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት የሌላውን ደብዳቤ አይቶ ይጨምራል፤ አንዳንዱ ደግሞ የማንንም አላይም ይላል።

ታዲያ በእኛ ወረቀት ላይ የሚለወጥ ምን አለ? አባቴ የንብረት ክፍል ሰው እንደ መሆናቸው መዝገብ ማመሳከር ልማዳቸው ነው። የላክሁትን ቅጽ አሳትመው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት። በቤቱ ዋጋ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይህን ማን ጻፈ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፥ አባባ። ደላላው ነው ያለኝ።»

ዝም አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ባለቤት» ከሚለው ላይ ደረሱ። ያንን ማን እንደ ነገረኝ ያውቁ ነበርና ምንም አልጠየቁኝም።

እውነቱ ይህ ነው። አያቴ ካረፉ በኋላ ፍርድ ቤት የሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ሦስት ወራሾችን ይጠራል፤ አክስቴን፥ አባቴንና ታናሽ ወንድማቸውን፥ ማለት አጎቴን። አክስቴ ድርሻቸውን ጠይቀው አያውቁም። አጎቴ ግን ጠይቀው ነበር፤ በዚህም ምክንያት አባቴና አጎቴ አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። በአባቴ ሣጥን ውስጥ ያለው ወረቀት ቢላክ የወላጆች ድርሻ ተብሎ የተጻፈብን ገንዘብ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ከሦስት አንዱ ብቻ የእኔ ነው ብሎ መፈረም ነው። «ያ ወረቀት አሜሪካ ከደረሰ እዚህም ደርሷል ማለት ነው» አሉ አባቴ። ይህን ያሉት ለእናቴ ነበር፤ እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁ።

ሦስት ቀን አለፈ። በእሑድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሣጥኑን ከፈቱ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የእግር ነበር። ማስረጃውን በትርጉም ቤት አስተረጐምነውና ማኅተም አስመታን። ቤቱን በመሐንዲስ አስገመትነው፤ 7,500,000 ብር ሆነ። የአባቴ ድርሻ 2,500,000 ነው፤ ይህም በዚያን ጊዜ 19,000 ዶላር ገደማ ነው። የደላላው 14 ሚሊዮን ወዴት እንደ ሄደ ለጠየቀኝ ሰው፥ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ትልቁ ከተማ ደግሞ አንድ ጥያቄ ላከ፤ ሌሎቹ ወራሾች ቤቱ እንዲሸጥ ወይም እንዲያዝ ይፈቅዳሉ ወይ አለ። የአክስቴን ቃል ማግኘት ቀላል ነበር። የአጎቴን ፊርማ ለማምጣት አባቴ ራሳቸው ሄዱ፤ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። አጎቴ በሩን ከፍተው ሲያዩን ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያም «ጋሼ፥ ይግቡ እንጂ» አሉ። ቡና ተፈላ። ስለ ዝናቡ፥ ስለ ጤፍ ዋጋ፥ ስለ ሁሉም ነገር ተነጋገሩ፤ ሦስተኛው ስኒ ከተጠጣ በኋላ አባቴ ወረቀቱን አወጡ። አጎቴ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ስለዚህ የእኔም መሆኑን ጽፈዋል» አሉ።

«ጽፌአለሁ» አሉ አባቴ።

አጎቴ ፈረሙ። ቅጂውን ግን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። አባቴ አዩ፤ ምንም አላሉም።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ። የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አራት ገጽ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሬ እዚህ ስላሉ ማፈሬን አልደብቅም። አያቴ ቤቱን ከመሥራታቸው ጀምሬ የቤተ ሰባችንን መከራ በሙሉ፥ በክፍል የተማርሁትን ከባድ ቃል ሁሉ ጨምሬ ጽፌ ነበር። እኅቴ አንብባ ሳቀች፤ «ወንድሜ፥ ይህን የሚያነብበው ሰው በጠረጴዛው ላይ ብዙ እንደዚህ ያለ ደብዳቤ አለው» አለችኝ። የእርሷ ደብዳቤ አንድ ገጽ አልሞላም። ስለ መቀበላቸው አመሰገነች፤ አሁንም ልትማር የምትፈልገው እዚያ መሆኑን ነገረች። ቀጥላም በቅጹ ላይ ስሕተት እንዳለ፥ ስሕተቱም የእነርሱ ሳይሆን የእኛ መሆኑን በግልጽ ጻፈች። አሮጌውንና አዲሱን ቁጥር ጐን ለጐን አስቀመጠች። መሬት በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ ሊሸጥ እንደማይችል፥ የአባትዋም ሀብት በላዩ የተሠራው ቤት ሲሶ ብቻ መሆኑን በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዳች፤ አሜሪካዊ ይህን ከየት ያውቀዋል? በመጨረሻም የትንሹን ከተማ ደብዳቤ አያይዛ፥ በስጦታው መካከል ያለው ልዩነት 12,000 ዶላር ስለሆነ ይህን የሚያጠብብ ነገር ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ ጠየቀች። የምትፈልገውን ቁጥር ጻፈች እንጂ «በተቻለ መጠን» አላለችም። ያልተሰጣትን ተሰጠኝ ብላም አልጨመረችም፤ ቅጂውን ስለሚያዩት ውሸት እዚያ አንድ ቀን አያድርም።

ለትንሹም ከተማ የእርማቱን ወረቀት ላከች፤ እኔ ስሕተቱን የላክሁት ለሁለቱም ነበርና።

ትንሹ ከተማ በአራት ቀን መለሰ። የወላጆች ድርሻ ተሰርዞ 3,800ው በስጦታው ላይ ተጨመረ፤ ስጦታው 45,800 ሆነ። ትልቁ ከተማ ሁለት ሳምንት ቈየ። በመጨረሻም 5,400ውን ወደ ስጦታ አዛወረው፤ የሌላ ትምህርት ቤት ስጦታ ላይ እኩል እንድንደርስ ግን ደንባችን አይፈቅድም ብሎ በትሕትና ጻፈ። ስለዚህ ከለመነችው አንዱ ተሰጣት፥ አንዱ ተነፈጋት።

ወጪው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው ብንል እንኳ፥ የአራት ዓመቱ ብድር በትልቁ ከተማ 226,400፥ በትንሹ 152,800 ዶላር ነው። ልዩነቱ 73,600 ነው፤ ወለዱ ሳይቈጠር ማለት ነው። የመንግሥቱ ተራ ብድር በዚያ ዓመት ወለዱ 8 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከእሱ በላይ ለሚያስፈልገው የሚወሰደው ተጨማሪ ብድር ደግሞ 9 በመቶ ገደማ፤ ሁለቱም ተማሪው ገና ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ይቈጥራሉ። እኅቴ አንድ ሌሊት ሙሉ ከቁጥሮቹ ጋር አደረች። ሚያዝያ 20 ቀን ለትልቁ ከተማ የምስጋናና የስንብት ደብዳቤ ጻፈች። ያን ቀን በስልክ ስታነጋግረን ድምፅዋ ሌላ ሆኖ ነበር፤ እናቴ ጉንፋን መስሏቸው ዝንጅብል እንድትጠጣ መከሯት።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ደግሞ ተለውጧል፤ ይህን ታናናሾቼ ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ። በ2025 እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን በተፈረመው ሕግ፥ ያ የቀረውን ወጪ ሁሉ ይሸፍን የነበረው ተጨማሪ የመንግሥት ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲቀር ተወስኗል። የሕክምና ተማሪ ከመንግሥት ሊበደር የሚችለው በዓመት እስከ 50,000፥ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። እኅቴ በዚህ ሕግ ሥር ሆና ትልቁን ከተማ ብትመርጥ ኖሮ፥ በየዓመቱ 6,600 ዶላር ከግል ባንክ መፈለግ ነበረባት፤ ባንክ ደግሞ ዋስ ይጠይቃል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ የርዳታው ደብዳቤ ትርፍ ነገር አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የመንግሥት ብድር የሚባለው ለዜጋና ግሪን ካርድ ላለው ነው። ከእዚህ በተማሪ ቪዛ ለመሄድ የሚያስብ ጓደኛ ይህን ይወቅ፤ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር ተማሪ አይቀበሉም፤ ከሚቀበሉትም አንዳንዶቹ የብዙ ዓመት ወጪ አስቀድሞ በባንክ እንዲቀመጥ ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ከተቀበሉ በኋላ በደብዳቤ መፍታት አይቻልምና፥ የማመልከቻ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው።

ቅጹ በየዓመቱ ይሞላል። ዘንድሮ በመጣ ጊዜ ልሞላው ብቀመጥ አባቴ ብዕሩን ወሰዱብኝ። በወረቀት ላይ ራሳቸው ሞልተው ሰጡኝ፤ እኔ ገለበጥሁት እንጂ አንድ ቁጥር አልጨመርሁም። ስለ ቤቱ በሚጠይቀው ቦታ ከሦስት አንድ ብለው ጽፈዋል። ደላላው ጋ እንዳልሄድም አስጠንቅቀውኛል።

አጎቴ ባለፈው ወር ስለ ድርሻቸው ሽማግሌ ላኩ። አባቴ ሽማግሌዎቹን አልመለሷቸውም፤ አስገብተው ቡና አስፈሉላቸው። ነገሩ ገና አላለቀም።